ባሕር የማይደርስ ወንዝ

ለንባብ፦ 2ኛ ነገሥት 5፥8-14፤ ሕዝቅኤል 34፥17-22፤ ሕዝቅኤል 47፥1-12

በዚህ ትምህርት አንድ ወንዝ ተከትለን እንወርዳለን፤ ይኸውም አዋሽ ነው። ከእናንተ ብዙዎች ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ አሰላ ወይም ወደ ድሬዳዋ ስትጓዙ በድልድይ ተሻግራችሁታል። ምንጩንና ማለቂያውን ያየ ሰው ግን ጥቂት ነው። እኛም ብንሆን ከላይ እስከ ታች በእግራችን ረግጠነዋል አንልም፤ ከፊሉን በዓይናችን አይተናል፤ የቀረውን ከመጻሕፍት ተምረናል። አዋሽን የመረጥንበት ምክንያት በሸዋና በወሎ ደጋ ከሚኖሩት ማኅበረ ምእመናን ብዙዎቹ የሚጠጡትና የሚታጠቡበት ውኃ፣ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ መጨረሻው ወደዚሁ ወንዝ የሚወርድ ስለ ሆነ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የጊንጪ ከተማ ትገኛለች። አዋሽ የሚነሣው በዚያች ከተማ አቅራቢያ ካለው ደጋ ነው። በዚያ ሥፍራ ገና ልጅ የሚዘልለው ቀጭን ጅረት ነው። ያ ደጋ እንደ ጎጆ ክዳን ነው፤ የሚወርድበትን ዝናብ ለሁለት ይከፍለዋል። በአንደኛው ወገን የወረደው በጉደር በኩል ወደ ዓባይ ገብቶ፣ ሱዳንንና ግብጽን አቋርጦ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይደርሳል። በሌላው ወገን የወረደው ወደ በቾ ሜዳ ተንሸራትቶ አዋሽ ይሆናል። ከአንድ ደመና የወረዱ ሁለት ጠብታዎች በዚህ ይለያያሉ፤ አንዱ ባሕር ሲገባ ሁለተኛው ከቶ ባሕርን አያይም። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ለመድረስ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ በጂቡቲ ወሰን ላይ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ያበቃል።

ባሕር የማይደርስ ወንዝ የተዋረደ ወንዝ ነውን? ይህን ጥያቄ የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን ቢሰማው ኖሮ ፈጥኖ የሚመልሰው ይመስለናል፤ እርሱ ወንዝን ከወንዝ ማበላለጥ ይወድ ነበርና። ነቢዩ ኤልሳዕ በዮርዳኖስ ታጠብ ባለው ጊዜ የተቈጣው የአገሩ የደማስቆ ወንዞች አባናና ፋርፋ ከእስራኤል ውኆች ሁሉ የሚበልጡ ስለ መሰለው ነው። እርሱ ግን ያላሰበው አንድ ነገር አለ። አባና ዛሬ ባራዳ የሚባለው ወንዝ ነው፤ የደማስቆን አትክልት ካጠጣ በኋላ ከከተማይቱ በስተምሥራቅ በረግረግና በምድረ በዳ ይሰወራል። ዮርዳኖስም ወደ ሙት ባሕር ይገባል እንጂ ወደ ታላቁ ባሕር አይደርስም። ንዕማን ያመሰገነውም የናቀውም ወንዝ ሁለቱም በየብስ የሚቀሩ ናቸው። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የተጠመቀውም ከእነዚህ በአንዱ ነው።

ማርቲን ሉተር በ1523 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ባወጣው የጥምቀት ሥርዓት ውስጥ አንድ ጸሎት አለ። በዚያ ጸሎት የክርስቶስ መጠመቅ ዮርዳኖስን ብቻ ሳይሆን ውኃን ሁሉ ለጥምቀት እንደ ቀደሰ ይናገራል። ውኃን ሁሉ ካለ አዋሽም በዚያ ውስጥ ነው፤ አቃቂም፣ ሞጆም፣ ቦርከናም እንዲሁ። ይህን ቃል በልባችሁ እንደ ያዛችሁ ወደ ታች እንድትወርዱ እንለምናችኋለን፤ በኋላ ያስፈልገናል።

በበቾ ሜዳ ላይ ብዙ አንዘገይም። ምድሩ ጥቁር ነው፤ ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል፤ በክረምት ውኃው ሞልቶ እርሻውን የሚያለብስበት ጊዜ አለ። ከዚያ በታች፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ መልካ ቁንጥሬ አለ። በዚያ በወንዙ ዳር እጅግ የጥንት ሰዎች የሠሩአቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ ሥፍራውም በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በወንዙ የታችኛው ሸለቆ በሐዳር ደግሞ በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ የተባለችው አጽም ተገኘች። ስለ ዘመኑ ቍጥር በመካከላችን የሚከራከሩ እንዳሉ እናውቃለን፤ የዛሬው ትምህርታችን ግን ያ አይደለም። እነዚያ ከእኛ በፊት የነበሩት ሁሉ ወደዚህ ወንዝ የመጡበትን ምክንያት ለማወቅ ግን ሊቅ መሆን አያሻም፤ ተጠምተው ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ወንዞች እንምጣ፤ በዚህ ጥቂት መቆየት ይገባናል። ከተማይቱ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ተከፍላለች፤ ሁለቱም በአባ ሳሙኤል በኩል ወርደው ከአዋሽ ጋር ይገናኛሉ። የከተማይቱ ሕዝብ የሚጠጣው ከየት ነው? ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ ከአቃቂም የከርሰ ምድር ውኃ ነው። እነዚህ ሁሉ በአዋሽ ተፋሰስ ራስጌ የሚገኙ ናቸው። እንግዲህ ከተማይቱ የወንዙን ንጹሕ ራስ ትጠጣለች፤ ከጠጣችና ከታጠበች በኋላም የቀረውን ከቤት ፍሳሽ፣ ከቆዳ ፋብሪካና ከጋራዥ ዘይት ጋር ቀላቅላ ወደ ታች ትለቅቀዋለች። ከከተማይቱ በታች ያሉት አትክልተኞች በዚያው ውኃ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣሉ፤ ያም ጎመን ተመልሶ ወደ ከተማይቱ ገበያ ይወጣል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የወንዞቹን ዳርቻ ለማጽዳትና ለማልማት ሥራ እንደ ተጀመረ አይተናል፤ ደስም ይለናል። ነገር ግን ዳርቻው አበባ ሲለብስ ውኃው ራሱ እስኪጠራ ድረስ ገና ብዙ ይቀራል።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 34 ስለ ክፉ እረኞች ከተናገረ በኋላ ከቍጥር 17 ጀምሮ ፊቱን ወደ በጎቹ ራሳቸው ይመልሳል። ይህን ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። ስለ ክፉ እረኞች መስበክ ቀላል ነው፤ አድማጩም ራሱን ነቅንቆ ይስማማል። ስለ ክፉ በጎች የሚሰብክ ግን ጥቂት ነው። እግዚአብሔር በመንጋው ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ የሚያደርገውን በደል ሊዳኝ እንደ ተነሣ ነቢዩ ይነግረናል። በወፈሩት በጎች ላይ የቀረበውም ክስ ሁለት ነው፦ አንደኛ፣ ከመልካሙ መስክ ከጠገቡ በኋላ የተረፈውን ሣር በእግራቸው መርገጣቸው፤ ሁለተኛ፣ ጥሩውን ውኃ ከጠጡ በኋላ የቀረውን ማደፍረሳቸው። ልብ በሉ፤ መብላታቸውና መጠጣታቸው አልተነቀፈም። የተነቀፈው ከኋላቸው ማን እንደሚመጣ አለማሰባቸው ነው። ደካሞቹ በጎች ያንኑ የተረገጠውን ሣር ይበላሉ፤ ያንኑ የደፈረሰውን ውኃ ይጠጣሉ።

እኛ ይህን ምዕራፍ ለብዙ ዓመታት ስንሰብክ ራሳችንን ከደካሞቹ በጎች ወገን እንቈጥር ነበር። ይህ ስሕተት መሆኑን ያስተማረን መጽሐፍ ሳይሆን አንዲት እናት ናቸው። ከምናገለግላቸው ማኅበረ ምእመናን አንዱ ግቢው በአንድ ጅረት ዳር ነው። ለዓመታዊው ጉባኤ ሕዝብ ይበዛልና አዲስ መጸዳጃ ቤት ተሠራ። ሥራው በችኰላ ስለ ነበረ፣ ገንዘቡም ስላነሰ፣ ጉድጓዱ ሳይጠልቅ ቀረ፤ ሲሞላ የሚያስተነፍስ ቧንቧም ከአጥሩ በስተጀርባ ወደ ጅረቱ ተዘረጋ። ይህን ያደረገ ክፉ ሰው አልነበረም። የሕንፃው ኮሚቴ ጸሎት አድርጎ የወሰነው ነው፤ እኛም በቃለ ጉባኤው ላይ ፈርመንበታል።

በአንድ እሑድ ቀን፣ አምልኮው ካለቀ በኋላ፣ ከግቢው በታች ጎመን ተክለው የሚሸጡ አሮጊት ወደ በሩ መጡ። የእኛ ማኅበር አባል አይደሉም። ሽማግሌዎቹ ምጽዋት የሚፈልጉ መስሎአቸው ሳንቲም ሊሰጡአቸው ሲሉ እጃቸውን ወደ ኋላ መለሱና፣ «ልጆቼ፥ ለገንዘብ አልመጣሁም። እናንተ ከላይ ስትታጠቡ እኔ ከታች እቀምሰዋለሁ፤ ይህን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት» አሉ። አልጮኹም፤ አልተሳደቡም። ይህን ተናግረው ዘንጋቸውን ይዘው ወረዱ።

በዚያ ሳምንት ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ለጸሎት ቤቱ ጣሪያ የተሰበሰበ ገንዘብ ነበረ። ያን ገንዘብ ወደ ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድና ወደ መጣጭ መኪና ኪራይ ማዞር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ሦስት ስብሰባ ወሰደ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ፣ «ሕዝቡ ለእግዚአብሔር ቤት ብሎ የሰጠውን ገንዘብ ለሽንት ቤት እናውላለን ብንል ምን ይለናል?» አሉ። ንግግራቸው ቀላል አልነበረም፤ የመበለቲቱ ሳንቲም ጭምር በዚያ ውስጥ ነበርና። ሌላው ደግሞ፣ «አባቴ፥ በጣሪያው ሥር የምንሰብከውን ቃል በቧንቧው የምናፈርሰው ከሆነስ?» ብሎ መለሰላቸው። በመጨረሻ ቧንቧው ተዘጋ፤ ጉድጓዱ ተሠራ። ጣሪያው ሁለት ዓመት ዘገየ፤ በሁለት ክረምት በዝናብ ሥር ዘመርን። በዚህ ምክንያት ከማኅበሩ የቀሩ ቤተ ሰቦች አሉ፤ ይህንንም አንሰውርም። የአሮጊቲቱ ጎመን ጠራ ለማለትም አንችልም፤ በዚያው ጅረት ላይ የሌሎች ሰዎች ቧንቧዎች ገና ብዙ ናቸውና።

በትንሹ ካቴኪዝም አምስተኛው ትእዛዝ አትግደል የሚለው ነው። ሉተር ሲያብራራው ሰይፍ ስላልመዘዝን ብቻ ትእዛዙን ፈጽመናል አይልም፤ የባልንጀራን ሥጋ ከመጉዳት መጠበቅ፣ በችግሩም ሁሉ መርዳት ይገባል ይላል። ባልንጀራ ማለትም በአጠገባችን የሚቀመጠው ብቻ አይደለም። ወንዝ ባልንጀራችንን ከእኛ 500 ኪሎ ሜትር አርቆ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ባልንጀርነቱን ግን አይሽርም። ይህን በማኅበር የምታጠኑ ወገኖች፣ ወደ ፊት ከማለፋችሁ በፊት፣ በመንደራችሁ ያለው ጅረት ወዴት እንደሚገባ፣ ከእናንተም በታች በመጀመሪያ የሚጠጣው ማን እንደሆነ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። ብዙ ጊዜ ከሕፃናቱ አንዱ የሽማግሌዎቹን ያህል ያውቃል።

ከአቃቂ በታች አዋሽ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። ይህ ሐይቅ በሰው እጅ የተሠራ ነው፤ ግድቡ ከኢጣልያ በተከፈለ የጦርነት ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ለወረራ የተከፈለ ካሣ መብራት ሆኖ መምጣቱ ሊያስመሰግነን ይገባል። ነገር ግን ሐይቁ ከላይ የሚመጣውን ሁሉ ይቀበላል፤ የደጋውን አፈር፣ በሞጆ ወንዝ በኩል የሚወርደውን የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ የከተማውንም እድፍ። አፈሩ ግድቡን እየሞላው ነው፤ ውኃውም በአንዳንድ ወቅት እንደ ቀለም አረንጓዴ ይሆናል። እርሻው በተራቈተ ኮረብታ ላይ ያለ ገበሬ ክረምት በመጣ ቁጥር መሬቱን ወደ ቆቃ ይልካል፤ እርከን የሚሠራ ገበሬ ግን ለራሱ እርሻ ሲል ከሩቅ ላለው ሰው መብራት ይጠብቃል።

ከግድቡ በታች ወንጂ አለ፤ በዚያ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያውን ዘመናዊ የስኳር ፋብሪካ አቆመ። ከዚያ በኋላ መተሐራ ተከተለ። የሸንኮራው አገዳ አረንጓዴነት ከመንገድ ሲያዩት ዓይንን ደስ ያሰኛል፤ ሻያችንን ያጣፈጠው የአዋሽ ውኃ ነው። የበሰቃን ሐይቅ ግን መተሐራ ላይ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ በፍርሃት ያየዋል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከትንሽ ኩሬ ብዙ የማይበልጥ ሲሆን ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቷል፤ የባቡሩንም ሐዲድ የመኪናውንም መንገድ ከፍ አድርጎ መሥራት ግድ ሆኗል። ውኃው ጨዋማ ነው፤ ለከብትም ለእርሻም አይረባም። ፏፏቴውንና ገደሉን አልፈን፣ አዋሽ ሰባት ኪሎንም ወደ ኋላ ትተን ወደ አፋር ምድር እንግባ፤ የሕዝቅኤል ሁለተኛው ክስ በዚያ ይጠብቀናልና።

አፋር ከብት አርቢ ሕዝብ ነው። ዝናብ ሲጥል ከብቱን ወደ ሩቁ ሜዳ ያሰማራል፤ በጋ ሲበረታ ደግሞ ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳል። የወንዙ ሙላት ሲሸሽ በዳርቻው ትቶት የሚሄደው እርጥብ ሣር የበጋው ስንቅ ነበር። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ግን በአሚባራና በተንዳሆ የጥጥ እርሻዎች በዚያው የወንዝ ዳር ላይ ተዘረጉ። ለጥጥ የሚስማማው መሬት የበጋ ግጦሽ የነበረው መሬት ነበርና። በወረቀት ላይ ሲታይ ባዶ መሬት ይመስል ነበር፤ ዓመቱን ሁሉ ሰው አይታይበትምና። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ በመጣ ጊዜ አፋሮች እንደ ልማዳቸው ከብታቸውን እየነዱ ወደ ወንዙ ተመለሱ፤ ሣሩ በነበረበት ሥፍራ ጥጥ አገኙ። ብዙ ከብት አለቀ፤ ብዙ ሰውም ሞተ። በፈንታሌ ዙሪያ ያሉት የከረዩ ኦሮሞዎችም መስካቸውን ለሸንኮራና ለብሔራዊ ፓርክ ለቀው እንዲሁ ተጠብበዋል። ጥጡ ነጠላችን ሆነ፤ ሸንኮራው ሻያችንን አጣፈጠ። ነቢዩ ስለ መስኩ የተናገረው ይህን የሚመስል ነው፤ ሣሩ ተበልቶ አላለቀም፤ ሌላው እንዳይበላው ሆኖ ተረገጠ እንጂ።

ይህን ስንጽፍ እርሻና ፋብሪካ ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም። በእነዚያ እርሻዎች ብዙ ሺህ ሰዎች እንጀራ አግኝተዋል፤ ከከንባታና ከወላይታ የሄዱ ወንድሞቻችንም በሸንኮራው መካከል በሠራተኞች ሰፈር ተሰብስበው ዘምረዋል። የምንለው ከላይ ያለው ሲያቅድ ከታች ያለው አልተጠየቀም ነው። ውኃው ሲያንስ ከታች ያለው ይጠማል፤ ውኃው ሲበዛም እንደዚሁ ነው። በነሐሴ ወር 2012 ዓ.ም. ወንዙ ሞልቶ ብዙ አፋሮችን ከቤታቸው አፈናቅሏል።

ከዚህ በኋላ የወሎ ውኆች ይገናኙታል፤ የደሴና የኮምቦልቻው ቦርከና፣ ሚሌም፣ ሎጊያም። የወሎ ምእመናን ሆይ፥ እናንተም ከዚህ ትምህርት ውጭ አይደላችሁም። ተንዳሆንና ዱብቲን አልፎ አዋሽ ወደ አሳይታ ይደርሳል፤ ይህም የጥንቱ የአውሳ ሱልጣኖች አገር ነው። ወንዙ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ፈረንጆቹ ለረጅም ጊዜ አያውቁም ነበር። በአዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1933 እና በ1934 ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ፣ ከግመሎችና ከአገር ሰዎች ጋር ተጉዞ፣ እስከ አቤ ሐይቅ ድረስ ተከተለው። እንቈቅልሹን ፈታ ተብሎም ተመሰገነ። የአውሳ ሰዎች ግን ከአባቶቻቸው ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ የጠየቃቸው አልነበረም እንጂ።

ገመሪና አፋምቦ የሚባሉትን ሐይቆች ካለፈ በኋላ ወንዙ አቤ ይደርሳል። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ የሚገባውን ውኃ ፀሐይ ትወስደዋለች፤ ጨው ይቀራል። በዳርቻው ከመሬት ውስጥ የሚፈላ ውኃ የሠራቸው እንደ ጭስ ማውጫ የቆሙ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች አሉ። እነዚህ በቀድሞ ዘመን በውኃ ሥር ነበሩ፤ ሐይቁ እየሸሸ በመሄዱ ዛሬ በደረቅ መሬት ላይ ቆመው ይታያሉ። ከላይ ለእርሻ የሚቀዳው ውኃ ለሐይቁ መሸሽ አንዱ ምክንያት ነው።

ሕዝቅኤል በምዕራፍ 47 ከመቅደሱ ወጥቶ ወደ ጨው ባሕር የሚወርድ ወንዝ ያያል። ያ ወንዝ በወረደ መጠን እየጠለቀ ይሄዳል እንጂ አይጐድልም፤ የሚደርስበትንም ውኃ ይፈውሳል፤ ዓሣ አጥማጆች በዳርቻው መረባቸውን ያሰጣሉ። አዋሽ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በወረደ መጠን ይጐድላል፤ በሽታም ይሸከማል። ነገር ግን ሁለቱም የሚወርዱት ወደ ዝቅተኛውና ወደ ጨዋማው ሥፍራ ነው። የእግዚአብሔር ወንዝ ወደ ታች መውረድን አልናቀም። ቀደም ብለን በልባችሁ ያዙት ያልናችሁ ቃል የሚያስፈልገን እዚህ ነው፤ በክርስቶስ ጥምቀት የተቀደሰው ውኃ የላይኛው ንጹሕ ምንጭ ብቻ አይደለም። ዮርዳኖስ ጌታችን በገባበት ጊዜ ወደ ሙት ባሕር ሊፈስስ ጥቂት የቀረው ወንዝ ነበረ።

በዚያው ምዕራፍ በቍጥር 11 ግን ረግረጉና እቋሪው እንደማይፈወስ፣ ለጨው እንደሚተው ተጽፏል። አንዳንዶች ይህን እንደ ፍርድ ያነብቡታል። እኛ ከአቤ ሐይቅ አንጻር ስናነበው ሌላ ነገር ታየን፤ ጨው ለመሥዋዕትም ለማዕድም ያስፈልጋልና እግዚአብሔር ጥቂት ያስቀረ መሰለን። አያቶቻችን በደጋው ላይ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። ያ አሞሌ የመጣው ከአፋር ምድር ነው። በአሳል ሐይቅ ያለውንም ጨው አፋሮች በግመል ጭነው ያን ሁሉ ዳገት ወደ ሸዋ ያወጡት ነበር። እኛ በወንዙ የምንሰድላቸውን ከላይ ጽፈነዋል፤ እነርሱ የላኩልን ጨው ነው።